ያልተገደበ ፓኬጅ ልግባ ወይስ በየቀኑ እየሞላሁ ልቀጥል?

የጫማዋ ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ናችሁ? ስልክ ገንዘቤን እየበላው ነው፣ እስቲ ምከሩኝ።

የምኖረው ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ጫማ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም፣ ዕቃው አልጋዬ ሥር ነው። ስለዚህ ሱቄ ስልኬ ነው በሉት። ቪዲዮ እጭናለሁ፣ «38 ቁጥር አለ?» ለሚለው እመልሳለሁ፣ ሞተረኛው ሰፈሩ ሲጠፋው ደውሎ ያደርቀኛል። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ናት። ማታ ማታ ድምፅዋን ሳልሰማ አልተኛም።

እስካሁን የቀን ፓኬጅ ነው የምሞላው። ጠዋት 35 ብር አካባቢ። ብዙ ቀን ከሰዓት ላይ ያልቅና ሌላ እጨምራለሁ። ትናንት ቁጭ ብዬ ያለፈውን ወር ደመርኩት። 1,640 ብር! ለስልክ ብቻ። ደንግጬ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት (አልጋው ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ሌላ መግዣ የለኝም)።

አሁን የወር ያልተገደበ ልግዛ እያልኩ ነው። ግን ያልተገደበ ሲሉ እውነት አይገደብም? ደግሞስ 09 (ኢትዮ ቴሌኮም) ላይ ልቆይ ወይስ 07 (ሳፋሪኮም) ላውጣ? ሞክራችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።

ባለ ሁለት ሲም · 2፡31

ግዢና ተገላገይ። እኔ ዓመት ሞላኝ። ትልቁ ጥቅሙ ብሩ አይደለም፣ ሐሳቡ ነው። «ፓኬጅዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ልብሽ አይደነግጥም። ቪዲዮ እያየሁ መሀል ላይ ዳታ ማጥፋት ረስቻለሁ።

ካዛንቺስ ነበርኩ · 2፡50

ቆይ፣ አትቸኩይ። የኔን ልንገርሽ።

እኔም ካዛንቺስ እያለሁ ያልተገደበ ገዛሁ። እንደ ጉድ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰና ቤት ቀየርኩ። አዲሱ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ብቻ ሆነ። አልቀልድም። አንድ ወር ሙሉ ያልተገደበ ከፍዬ በሩ ላይ ቆሜ ነው የተጠቀምኩት። ጎረቤቴ «ሆድህን ያምሃል እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ።

የማን ሲም እንደሆነ አልናገርም፣ የሌላኛውም እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ውስጥ አይሠራም። ለማለት የፈለግሁት፣ ፓኬጁን ሳትመርጪ በፊት ቤትሽን ፈትኚ።

ኪዮስክ አራት ኪሎ · 3፡05

እኔ ካርድና ሲም እሸጣለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ልበል።

የቀን ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም። ጠዋት ኪሱ ውስጥ ያለው 50 ብር ስለሆነ ነው። «በወር ብትገዛው ይረክስልሃል» ስለው «እማማ፣ ወሩን ሙሉ ከየት ላምጣው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ሁሌም አስወድዶ ነው የሚገዛው፣ ዘይትም ቢሆን ስኳርም ቢሆን። አንቺ ግን 1,640 በወር ካወጣሽ፣ ብሩ አለ ማለት ነው። ተበትኖ ነው እንጂ።

የጫማዋ ልጅ · 3፡12

እማማ እንዴት እንደገባዎት! ልክ እንደዚያ ነው። ጫማ ስሸጥ ይመጣል፣ ሳልሸጥ ይቀራል። ለፓኬጅ ዕቁብ ልግባ እንዴ? 😅

ጡረተኛው ቴክኒሺያን · 3፡40

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ መስመር ላይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የተሰጠህን ትይዛለህ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው 07 የሚባል ነገር ያየነው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ለእኛ አገር አዲስ ነው። ደስ ይላል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ዳታ ላይ ሊገደብ የሚችለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መጠን ነው፣ ሌላው ፍጥነት። ያልተገደበ የሚሸጥልሽ መጠኑን አይቆርጥብሽም። ግን ብዙ ጊዜ በደንቡ ውስጥ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚል አንቀጽ አለ። ይህን ያህል ጊጋ ከተጠቀምሽ በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል ይላል። ስንት ጊጋ ላይ? ወደ ስንት ይወርዳል? ጥያቄው እሱ ነው። ዋጋውን ሁሉም ያያል፣ ይህን ግን የሚጠይቅ የለም።

ለምን ያደርጉታል ብትይ፣ አንድ አንቴና የሚያድለው አቅም የተወሰነ ስለሆነ ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ይካፈላል። ለደመራ መስቀል አደባባይ ቆመሽ ፎቶ ለመላክ ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ስልኩ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው ይላል፣ ፎቶው ግን አይሄድም። ምልክቱ ጠንካራ ነው፣ ተካፋዩ ግን በዛ። ያልተገደበ የያዘ ጥቂት ሰው ቀንና ሌሊት ፊልም ቢያወርድ፣ ጎረቤቱ ፎቶ መላክም ያቅተዋል።

አሁን ቁጥር ልስጥሽ። አንቺ የምትጭኚው ቪዲዮ ስንት ሜጋ ነው?

የጫማዋ ልጅ · 3፡48

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! አንዱ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በቀን ሦስት አራት እጭናለሁ።

ጡረተኛው ቴክኒሺያን · 4፡02

ጥሩ። ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው፣ የፋይል መጠን ግን በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን ፍጥነት 60 ሜጋባይት ለመጫን 48 ሰከንድ ይበቃል። ፍጥነቱ ወደ 512 ኪሎቢት ቢወርድ ግን ያው ቪዲዮ 15 ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። ያውም ሳይቆራረጥ። መልእክት መጻጻፍ፣ በድምፅ መቅጃ መላላክ ምንም አይሆንም። ቪዲዮ ለምትሸጥ ልጅ ግን ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

ሌላ ነገር፣ ሰው «ፍጥነቱ ስንት ነው» ሲል የሚያየው የማውረጃውን ነው። አንቺ ግን የምትጭኚ ነሽ። የመጫኛው ፍጥነት ሁሌም ማለት ይቻላል ከማውረጃው ያንሳል። በፍጥነት መለኪያ አፕ ስትለኪ ሁለተኛውን ቁጥር፣ የመጫኛውን፣ እዪ።

ባለ ሁለት ሲም · 4፡10

ጋሼ እኔ ዓመት ሙሉ የመጫኛውን አይቼው አላውቅም 😂

ሜክሲኮ ታክሲ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ከድምፁም አትርሱ። ያልተገደበ ድምፅ ሲባል ወደ ራሱ ኔትወርክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላኛው ደቂቃው የተቆጠረ ነው። እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። ባለቤቴ ሌላኛው ኔትወርክ ላይ ነች። «ያልተገደበ ነው» ብዬ አንድ ሰዓት አወራኋት። ሒሳቤ ባዶ ሆነ። እሷ ደግሞ «ምነው ዘጋህብኝ» ብላ ተቆጣች። ሁለት ጥፋት በአንድ ቀን።

የሚደውሉልሽ ሰዎች 09 ናቸው ወይስ 07? ያንን ቁጠሪ።

አምባሳደር ጋ ያለሁት · 1፡45

5ጂ ያለውን ግዢ። አዲስ አበባ ላይ ከ2014 ግንቦት ጀምሮ አለ። ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው።

ጡረተኛው ቴክኒሺያን · 2፡05

ወንድሜ፣ ስልኳ 5ጂ የሚቀበል መሆኑን ጠየቅሃት? ካልተቀበለ የከፈለችበት ዝም ብሎ ነው። ደግሞ የሞገዱ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ከፍ ባለ ቁጥር ግድግዳ ማለፍ ይቸግረዋል። ፒያሳ ውስጥ የድንጋይ ቤት አለ፣ የጭቃ ቤት አለ። በረንዳ ላይ የሚበር ጓዳ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የጫማዋ ልጅ · 2፡30

ስልኬ 4ጂ ነው 🙈 ቤታችን ደግሞ የድሮ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም። እሺ፣ የካዛንቺሱን ምክር ልስማ። የጎረቤቴን ሲም ለሁለት ቀን ተውሼ እሞክራለሁ። ስልኬ ሁለት ሲም ይቀበላል።

ቁጥሬን ግን አልቀይርም። ደንበኛ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ብር የሚልክልኝም በቴሌብር እዚያው ነው። ስለዚህ 07 ካወጣሁም እንደ ተጨማሪ ነው።

ካዛንቺስ ነበርኩ · 2፡41

በየትኛው ሰዓት እንደምትለኪ አስቢበት። ጠዋት ለክተሽ ማታ አትመኚ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አገር ሁሉ ስልኩ ላይ ነው።

ብሔራዊ ሠፈር · 5፡00

ለምን ዋይፋይ አታስገቢም? የመስመር ኢንተርኔት የሚሸጠው በጊጋ አይደለም፣ በፍጥነት ነው። ይህን ያህል ሜጋቢት ትያለሽ፣ በወር ትከፍያለሽ፣ የፈለግሽውን ያህል ትጠቀሚያለሽ። እውነተኛው ያልተገደበ እሱ ነው። እኛ ግቢ ሦስት ቤት ተከራይ ነን፣ በአከራያችን ስም ገብቶ እንካፈላለን።

ኪዮስክ አራት ኪሎ · 5፡20

ጥሩ ሐሳብ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ዋይፋዩም ይሄዳል። አንቴናው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስላለው ሞባይሉ ቶሎ አይጠፋም።

ብሔራዊ ሠፈር · 5፡26

እውነት ነው እማማ። ደግሞ ሦስታችን እንካፈላለን ብያለሁ እንጂ፣ ሦስተኛው ሰውዬ እስካሁን የጥቅምትን አልከፈለም።

የጫማዋ ልጅ · ሐሙስ ማታ 3፡30

ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ይዤ ቤት ውስጥ ስዞር እህቴ አበደች ብላ ነበር።

ሁለት ቦታ ለካሁ። አንዱ አልጋዬ ጋ ነው፣ ቪዲዮ የምቆርጠውም የምጭነውም ተጋድሜ ስለሆነ። ሌላው የማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ጠዋት 2፣ ቀን 7፣ ማታ 3 ሰዓት። የማን የማን እንደሆነ አልጽፍም፣ ጦርነት ይነሳል። ሰፈር ለሰፈርም ይለያያል።

አንደኛው ሲም መስኮቱ ላይ ጉድ ነው። ማውረጃው ሲታይ ዓይን ያፈዛል። አልጋው ጋ ስመጣ ግን የመጫኛው ማታ ላይ 0.8 ሜጋቢት ሆነ። ሁለተኛው መስኮቱ ላይ ከመጀመሪያው ያንሳል፣ አልጋው ጋ ግን ማታም ቢሆን ከ4 አልወረደም። ማለትም ጋሼ እንዳሉት ባላይ ኖሮ አንደኛውን ነበር የምገዛው። በማውረጃው ተታልዬ።

ግን ጉዱ እሱ አይደለም። ስለካ ቆይቼ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «የዳታ አጠቃቀም» የሚለውን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ከፍቼው አላውቅም። ያለፈው ወር 46 ጊጋ ይላል። ቲክቶክ 15። ቴሌግራም 11። ሌላው ሁሉ ተሰብስቦ 4።

ሆትስፖት 16!!

ባለ ሁለት ሲም · 3፡34

😳 ማን ነው የሚቀዳሽ?

የጫማዋ ልጅ · 3፡36

ታናሽ ወንድሜ። «ትንሽ ብቻ፣ ለትምህርት» ብሎ ነው የሚያስከፍተኝ። እኔ ደግሞ ከፍቼለት እረሳዋለሁ። 16 ጊጋ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ሜክሲኮ ታክሲ · 3፡40

የሕክምና ትምህርት ነው መሰለኝ 😂

ጡረተኛው ቴክኒሺያን · 3፡55

ልጄ፣ ቴሌግራሙ 11 መሆኑም ልክ አይደለም። ስንት ቡድን ውስጥ ነሽ? ቴሌግራም ሳትነኪው የሚያወርደው ነገር አለ። ቡድን ውስጥ የተለጠፈ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ይወርዳል፣ ባታዪውም ትከፍይበታለሽ። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታና ማከማቻ» የሚል አለ፣ እዚያ ገብተሽ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድ አጥፊው።

ቲክቶክም ዳታ ቆጣቢ የሚል አለው። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል። ጫማ ለማየት ይበቃል።

የጫማዋ ልጅ · 4፡10

47 ቡድን! ግማሹ የጫማ አስመጪዎች ነው፣ ግማሹ የሠርግና የልቅሶ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት አልቆ እስካሁን ቪዲዮ ይለጠፍበታል። የሁሉንም በራሱ ማውረድ አጠፋሁት።

ካዛንቺስ ነበርኩ · 4፡18

ሒሳቡን እንሥራው። ከ46ቱ 16 የወንድምሽ ነው፣ ቴሌግራሙ በግማሽ ቢወርድ 5 ይቀንሳል። የቀረሽ 25 አካባቢ ነው። ለዚህ ያልተገደበ ምን ያደርግልሻል? የወር 30 ጊጋ የሚጠጋ ካለ እሱ ይበቃሻል።

ባለ ሁለት ሲም · 4፡25

እኔ ግን አሁንም ያልተገደበ እላለሁ። ነጋዴ ነች። ገና ወይ ፋሲካ ሲደርስ ቪዲዮው በቀን አሥር ይሆናል። የዚያን ጊዜ ማን ጊጋ ይቆጥራል?

ካዛንቺስ ነበርኩ · 4፡28

የዚያን ጊዜ የዚያን ጊዜ ትግዛ። የወር ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ውል አይደለም እኮ።

ባለ ሁለት ሲም · 4፡30

እሺ ይሄስ ልክ ነህ።

ኪዮስክ አራት ኪሎ · 4፡45

የዛሬ ዋጋ አትጠይቁኝ፣ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ነገ የጻፍኩት ውሸት ይሆናል። የኢትዮ ቴሌኮሙን *999# ላይ፣ የሳፋሪኮሙን *777# ላይ ገብተሽ እዪው። ስትገዢ በራሱ እንዲታደስ የሚል ካለ አስቢበት። ፓኬጁ የሚያልቅበትን ቀንና ሰዓትም ወረቀት ላይ ጻፊው። ስንቱ ሰው ነው ፓኬጁ አልቆ ሳያውቅ የሞላው ካርድ በዳታ የሚጠፋው። መጥቶ እኔ ላይ ይጮኻል። እኔ ምን ላድርግህ የኔ ልጅ?

የጫማዋ ልጅ · ዓርብ ጠዋት 2፡50

ወሰንኩ። 09ዬ ላይ የድምፅ ፓኬጅ፣ ለእናቴና ለሞተረኛው፣ ሁለቱም 09 ናቸው። ዳታውን አልጋዬ ጋ በሚሠራው ሲም ላይ፣ የወር፣ ያልተገደበ ያልሆነ። ገና ሲደርስ አያለሁ። ወሩ ሲያልቅ ስንት እንደወጣብኝ መጥቼ እጽፋለሁ።

ወንድሜን ግን ምን ላድርገው?

ሜክሲኮ ታክሲ · 2፡58

የሆትስፖቱን የይለፍ ቃል ቀይሪው።

የጫማዋ ልጅ · 3፡00

ቀየርኩት። የእናታችንን የልደት ዓመት አደረግሁት። አያውቀውም።

ታናሽየው · 3፡15

እኅቴ፣ ሰላም ነው። እዚህ ክር ውስጥ መሆንሽን የሠፈር ልጆች ነገሩኝ።

ከ16ቱ ጊጋ 3ቱ እውነት ለትምህርት ነበር። ሌላው ኳስ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ጫማ ቪዲዮሽ ላይ የሚሄደው እግር የማን ነው? እኔ አይደለሁም እንዴ? ሞዴል ክፍያ ጠይቄሽ አላውቅም።

የእማዬን ልደት ደግሞ ደውዬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ።

ኪዮስክ አራት ኪሎ · 3፡22

አንተ ልጅ፣ መታወቂያህን ይዘህ ና፣ የራስህን ሲም ላውጣልህ።

የጫማዋ ልጅ · 3፡24

እማማ፣ ከፋዩ እሱ ነው ብለው ይመዝግቡልኝ። አንተ ደግሞ 42 ቁጥሩን ጫማ አድርገህ ውረድ፣ ሞተረኛው በር ላይ ነው፣ ሳይሄድ ቪዲዮ እንቅረጽ።